የሠራተኛው ሞተር፦ ከአዲስ አበባ እገዳ እስከ ሞላሌ ዳገት

ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ተከለከለ። በወቅቱ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ታከለ ኡማ እገዳውን ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያት ወንጀል ነበር፤ በሞተር መጥተው ቦርሳና ስልክ ነጥቀው የሚሰወሩ ሰዎች ነዋሪውን አስመርረዋል የሚል። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። በዚያ ሰሞን አስፋልት ዳር ቆሞ ስልክ ያወራ የአዲስ አበባ ሰው፣ ከኋላው የሞተር ድምፅ ሲሰማ እንዴት ይደነግጥ እንደነበር ያስታውሳል።

እገዳው ግን ሁሉንም አልነካም። የፖስታ አገልግሎት፣ የኤምባሲዎችና ለሥራቸው ፈቃድ ያላቸው ሞተሮች ታለፉ። ዜናው ሲነገር ብዙ ሰው ልብ ያላለው ይህችን ነጥብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋና ከተማዋ ሞተር ላይ የመቀመጥ መብት የግለሰብ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ሆነ። ከአያት ተነስቶ ሳሪስ ሥራ የሚገባ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛትን ሞተር ግቢው ውስጥ አቁሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተሰለፈ። የድርጅት ፈቃድ ያለው ደግሞ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ሞተር እያለፈው ሄደ። በኋላ ሞተሮች በምዝገባና በፈቃድ ወደ ከተማዋ ተመልሰዋል፤ ዛሬ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱትን ወጣቶች የማያውቅ የለም። የተመለሱት ግን በዋናነት ለንግድ ሥራ እንጂ ባለቤታቸውን ቢሮ ለማድረስ አይደለም።

ነገሩ ከመገናኛ ይልቅ ሞላሌ ላይ ቆመው ሲያዩት ነው ጥርት ብሎ የሚታየው።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዷ በባና ካልሆነ አይመከትም። እዚህ ታክሲ ሰልፍ የለም፤ ታክሲውም የለም። በዋናው መንገድ ላይ ያለ ሰው መኪና ጠብቆ ይሳፈራል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የተመደበ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ እግሩ ወይም ሞተር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ነበር የታሰበው፤ ቁጥራቸውም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። እነዚህ ሴቶች አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት በእግራቸው ነው።

ማን እንደሚጋልብና ማን በእግሩ እንደሚሄድ የሚወስነው አሠሪው መሆኑ ለመንዝ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው ሥርዓት በቅሎ መጓጓዣ ብቻ አልነበረችም፤ ማዕረግም ነበረች። የተሸለመች በቅሎ የሚሰጥም የሚነሳም ጌታ ነው። መኳንንቱ በበቅሎ ሲሄድ ሎሌው ጠመንጃ ተሸክሞ ከጎን ይሮጣል፤ ሎሌው የራሱ በቅሎ ቢኖረው እንኳ ከጌታው እኩል ተቀምጦ መሄድ ነውር ነው። «ሰምና ወርቅ» የተባለውንና እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ሲያጠና፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብለው የተከፈሉት ሦስቱ የመንዝ ምድሮች ገና የእግርና የበቅሎ አገር ነበሩ።

ሞተር ያለው መንገድ የደረሰው መጀመሪያ ከደጃፍ ነው። በ1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከአንድ ሺህ በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር፤ ጣርማ በር ላይ ግን ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር ያ ሁሉ ብረት ጥገና ሲጠብቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ጣሊያኖች በኋላ ተራራውን በስተው ዋሻውን ሠሩ። አውራ ጎዳናው በመንዝ ግርጌ አለፈ፤ ደጋው ላይ ላለው ሰው ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያው በቅሎው ነበረች።

ሞተር ሳይክል ወደ ወረዳ ከተሞች በብዛት የገባው በመንግሥት ሥራና በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ሞተር፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ሞተር፣ የክትባት ዘመቻ ሞተር ይባላል። ሰሌዳው ኮድ 4 ነው፤ ኮድ 4 ማለት የመንግሥት ማለት ነው። የመንግሥት የሆነ ነገር ደግሞ ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነው የሚውለው። ደንቡ ትክክል ነው፤ የሕዝብ ንብረት የግለሰብ ሠርግ ማጀቢያ እንዳይሆን ይጠብቃል። ችግሩ ያለው «ሥራ» የሚጀምረው የት ነው የሚለው ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ሥራ የሚጀምረው ቢሮ ሲገባ ነው። ቤቱ ከተማ፣ ሥራው ገጠር ቀበሌ ለሆነ ሰው ግን የቀኑ ከባዱ ሥራ መንገዱ ራሱ ነው። ሞተሯ ግቢ ውስጥ ተቆልፋ ታድራለች፤ ሰውየው ጠዋት በእግሩ ቢሮ መጥቶ፣ ፈርሞ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ነዳጅ ከተገኘ ይወጣል። ካልተገኘ ያው እግሩ ነው። ስለዚህ የቻለ ሁሉ የራሱን የህንድ ወይም የቻይና ሞተር ይገዛል። አሠሪው ያኔ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይህ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅስ?

ይህን ጥያቄ በጣም አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ የአሜሪካው የሰላም ጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ ድርጅት ነው፤ ብዙ የዚያ ትውልድ ተማሪ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከእነሱ ተምሯል። ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞቹን ከበሽታ ይልቅ የመንገድ አደጋ ሲነጥቀው፣ በብዙ አገሮች ሞተር መንዳትም ሆነ ከኋላ መፈናጠጥ ከለከለ። የተላለፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለድርጅቱ ቀላል ውሳኔ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው አውቶቡስ ቢጠብቅ፣ ቢያረፍድ፣ ቢቀር ደመወዝ የሚቆርጥበት የለም። አብሮት የሚያስተምረው የአገሬው መምህር ግን በዚያው ሞተር ይመጣል። በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ሕይወት፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ።

ክልከላ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ የሚያሳይ የቆየ ታሪክ አለ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በግንቦት 1927 ዓ.ም.፣ «የዓረቢያው ሎውረንስ» የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን በአገሩ ገጠር ሞተር ሲነዳ በብስክሌት የሚሄዱ ልጆችን ለማዳን ሲል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ያየውን አልረሳም። ጦርነት ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር በሞተር መልእክት የሚያደርሱ ብዙ ወታደሮች ነበሩት፤ ከጠላት ጥይት በፊት መንገዱ ይገድላቸው ነበር። ኬርንስ የሟቾቹን መዝገብ መርምሮ የራስ ቁር ያደረጉት ጉዳታቸው እንደሚቀል አሳየ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 ጦሩ መልእክተኞቹ ያለ ራስ ቁር እንዳይነዱ አዘዘ። አሠሪው ሞተሩን አልነጠቀም፤ ያለ ሞተር ሥራው እንደማይሠራ ያውቃል። የነጠቀው ራቁቱን የሆነውን ጭንቅላት ነው። ሲቪሉ እንግሊዛዊ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተገደደም ነበር፤ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ የተጠበቀው ተቀጣሪው ነው።

የኢትዮጵያ የትራፊክ ደንብም የራስ ቁር ያስገድዳል። በወረዳ ከተማ ግን አንድ የራስ ቁር ለአምስት ተጋሪ ሲሆን፣ ወይም ከመስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲዞር ማየት የተለመደ ነው። ሞተር የሰጠ መሥሪያ ቤት የራስ ቁር አብሮ ይስጥ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የነዳጅ ኩፖኑን ነው።

ከአደጋው በላይ ሞተርን ተጠርጣሪ ያደረገው ግን ጦርነት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢትን ጨምሮ በ6 ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገድ በሌለበት የሚሄድ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በደቂቃ የሚሰወር ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ይህም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የናይጄሪያዋ ማይዱጉሪ በ2003 ዓ.ም. የቦኮ ሐራም ታጣቂዎች በሞተር እየመጡ ሲገድሉ ሞተርን ጨርሶ ከለከለች፤ ሌጎስ በጥር 2012 ዓ.ም. ለደኅንነትና ለአደጋ ብላ ከብዙ ሰፈሮቿ አስወጣች፤ በማግስቱ ሠራተኛው መንገድ ዳር ተሰልፎ በእግሩ ሲጓዝ ታየ። የጸጥታ ሰዎች ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ገዳይ በሞተር የመጣበት ከተማ ነዋሪ እገዳውን በእፎይታ ቢቀበለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ታጣቂው ሞተሩን ቢነጠቅ ሌላ ያገኛል፤ መምህሩ አያገኝም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ እንደ ቀዳሚው አዋጅ 377/1996 ሁሉ፣ በአንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም ወደ ሥራ በመሄድና በመመለስ ላይ የሚደርስንም ጉዳት ያካትታል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሠራተኛው የሚሄደው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መጓጓዣ ከሆነ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ መንዝ ውስጥ ያለ የግል ድርጅት፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ሥር ይወድቃል።

አዋጁ ሲጻፍ በሐሳብ የታየው ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ የሚሰበስብ የፋብሪካ አውቶቡስ ነው፤ ቃሊቲና አቃቂ የሚታይ ነገር። ሞላሌ ላይ እንዲህ ያለ ሰርቪስ የሚያቀርብ አሠሪ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «በሞተር እንዳትመጣ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሥራ አስኪያጅ ምንም አያወጣም፤ ዝም ብሎ የሚያይም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ፣ ጭጋግ ባለበት ማለዳ፣ የጭቃ ቁልቁለት ላይ የራሱ ሞተር አንሸራትቶት እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ካሣ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ለሥራ እየመጣ ስለመሆኑ አይደለም። ሞተሩ የማን ነው የሚል ነው።