የከተማ ኑሮ በቴሌቪዥን ሲዘፈን ባለመብቱ ማን ነው?

የትልቅ ከተማን ኑሮ በዘፈንና በአጫጭር ትዕይንቶች ለቴሌቪዥን ማዘጋጀት የሚሻ ባለሙያ አስቀድሞ ሊያጠናው የሚገባ ሥራ አለ። እርሱም “ወርኪንግ” የተሰኘው የአሜሪካውያን ሙዚቃዊ ትርዒት ነው።

መነሻው ስተድስ ተርክል እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ተርክል በ1934 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ቢመረቅም ጥብቅናን ትቶ የሬዲዮ ሰው ሆነ። መቅረፀ ድምፁን ይዞ አስተናጋጁን፣ ግንበኛውን፣ የቤት እመቤቷን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ስለ ውሎአቸው ጠየቀ። ያነጋገራቸው ሰዎች ከመቶ በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ የቺካጎ ነዋሪዎች ነበሩ።

ስቲቨን ሽዋርትዝ መጽሐፉን ወደ መድረክ አመጣው። በ1977 መጨረሻ በቺካጎው ጉድማን ቴአትር ታየ። በ1978 ብሮድዌይ ቢደርስም ከ24 ትርዒቶች በኋላ ከመድረክ ወረደ። በ1982 ግን ፒቢኤስ “አሜሪካን ፕሌይሀውስ” በተባለው ፕሮግራሙ ለቴሌቪዥን አቀረበው፤ ሪታ ሞሬኖና ቻርልስ ደርኒንግም ተጫወቱበት።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የሚያያይዘው አንድ ታሪክ የለም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቃለ ምልልሱ የተወሰደ ንግግር ያሰማል፣ ከዚያም ይዘፍናል። ዘፈኖቹን ሽዋርትዝ፣ ጄምስ ቴይለር፣ ሚኪ ግራንት፣ ክሬግ ካርኔሊያና ሌሎችም ተከፋፍለው ስለ ጻፏቸው የፅዳት ሠራተኛዋ ዜማ ከግንበኛው አይመሳሰልም። የሰውን ፊት አቅርቦ ለሚያሳይ ካሜራ ደግሞ እንዲህ ያለው ትርዒት ይመቸዋል።

ይኸው አሠራር አዲስ አበባ ላይ ቢሞከር ምን ይከተላል? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ደራሲ፣ ከግጥምና ከዜማ ደራሲዎች ጋር ቀረፃ ሳይጀመር መዋዋል ይገባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ደግሞ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ በመርህ ደረጃ ይከለክላል።

ታዲያ ታሪኩን የተናገረው ወያላ ወይም ሊስትሮስ? ሌላ ሰው ቀድቶ፣ መርጦና አሰናድቶ ሲጽፈው ተናጋሪው ከደራሲነት ውጭ ሊቀር ይችላል። ምስሉ ካልታየና ተዋናይ ከተካው ቁጥር 27ም ብዙ አይረዳውም። በእኔ እምነት ይህን ክፍተት መሙላት ያለበት ውል ነው። ተናጋሪው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ፈቃድ ይስጥ፤ ስሙ ይጠቀስ ወይም ይደበቅ እንደሆነ እሱ ይወስን፤ ትርዒቱ በተደገመ ቁጥርም የሚያገኘው ድርሻ በቁጥር ይጻፍለት።