ዜና ነዳጅ ዘአሰብ ወዘበርበሬ በረንዳ

በ1951 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሞስኮ ሄዱ፤ የሶቪየት መንግሥትም በታላቅ ክብር ከተቀበላቸው በኋላ 400 ሚሊዮን ሩብል፣ በዘመኑ ምንዛሪ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለኢትዮጵያ ብድር ፈቀደ። ይህ የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ ከአሜሪካ ጋር የጦር ውል ተዋውለው፣ በአሥመራም የአሜሪካኖች የቃኘው መገናኛ ጣቢያ ቆሞ ሳለ ነበርና የውጭ መንግሥታትን አስገረመ፤ ሆኖም አንዱን ወዳጅ በሌላው ማስቀናት ለቤተ መንግሥቱ አዲስ ጥበብ አልነበረም።

በሶቪየት እርዳታም በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ማለትም ድፍድፍ ዘይትን አሙቆ ቤንዚኑን፣ ናፍጣውንና ላምባውን ለይቶ የሚያወጣ ፋብሪካ፣ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምርም በዓመት 500,000 ቶን ድፍድፍ ያጣራ ዘንድ ታስቦ ነበር። ከዚያ የወጣው ነዳጅ በቦቴ ተጭኖ በኮምቦልቻ በኩል አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ባቋቋመው መርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳ፣ ከማረቆ፣ ከሃላባና ከጎጃም ዛላ በርበሬ በጆንያ የሚያስመጣው ነጋዴ ስለ ሞስኮው ውል ምንም ባይሰማ እንኳ፣ የናፍጣው ዋጋ በመኪና ኪራይ፣ ኪራዩም በበርበሬው ዋጋ ላይ እየተጨመረ ይደርሰው ነበር።

ነገር ግን ማጣሪያው የአገር ቢሆንም ድፍድፉ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። በ1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የዘይት ዋጋ አራት እጥፍ ያህል ሲያድግ፣ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎችም የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ የቤንዚኑ ዋጋ ቢቀነስም ሁከቱ አልበረደም፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወርዱ የሶቪየቱ ማጣሪያ ሥራውን አላቋረጠም ነበር።

አሜሪካም በበኩሏ፣ ለግብፅ የአስዋን ግድብ የሰጠችውን ተስፋ ካነሣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ በባለሙያዎቿ አስጠንታ 17 ቅጽ ሰጠች፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የድንበር ግድብ የተባሉት ታላላቅ ግድቦች በዚያ ተነደፉ። ጥናቱ ተሰጠ፣ የግንባታው ገንዘብ ግን አልመጣም። በደርግ ዘመን ደግሞ ሶቪየቶች በዋቢ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የመልካ ዋከናን ጣቢያ ለመሥራት ረዱ፤ ከተሰጡት ሁሉ በአገር ውስጥ ውኃ የሚዞረው ይህ የተሻለ ስጦታ ነበር።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ አሰብ ከማጣሪያው ጋር ከኢትዮጵያ ወጣ፤ ማጣሪያውም እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ፤ ከዓመት በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲነሣ የነዳጁ በር ወደ ጅቡቲ ዞረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ፣ በአሜሪካኖቹ ጥናት የድንበር ግድብ ከተባለው ሥፍራ አካባቢ፣ ሕዝቡ በገዛው ቦንድና በመንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመረቀ። መብራቱ የወፍጮ ቤቱን ሞተር ያዞራል፤ የማረቆን በርበሬ የሚያመጣው አይሱዙ ግን ናፍጣውን የሚቀዳው በጅቡቲ በኩል ከገባው ነው።