ፋኖስ ሳይዙ መውጣት ክልክል የነበረባት አገር
(ኦማንና የኢባዲ ሃይማኖት)

በዓረብ አገር ስንኖር የምናውቀው የዛሬውን ብቻ ነው። ፎቁን፣ ሞሉን፣ ሰፊውን አስፋልት እናያለን፤ ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለናል። ኦማን ግን የዛሬ 60 ዓመት ገደማ በሯን በዓለም ላይ ዘግታ የተቀመጠች የበረሃና የተራራ አገር ነበረች። አንዳንድ ሰው "ሃይማኖታቸው ነው የዘጋቸው" ይላል። እውነት ሃይማኖቱ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢባዲ ማለት ምንድን ነው?

ኦማን የሠራች እህት ሳታይ አትቀርም፤ ኢባዲዎች ሲሰግዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አያጣምሩም፣ ወደ ታች ለቀው ነው የሚቆሙት። ኢባዲ ሱኒም ሺዓም ያልሆነ ሌላ የእስልምና መንገድ ነው። የተጀመረው በ7ኛው መቶ ዘመን ኢራቅ ውስጥ በስራ በምትባል ከተማ ነው። ስሙ የመጣው ከአብደላህ ኢብን ኢባድ ሲሆን፣ በትምህርቱ ትልቁን ቦታ የሚሰጡት ግን የኒዝዋ አካባቢ ተወላጅ ለነበረው ለጃቢር ኢብን ዘይድ ነው።

በዚያ ዘመን ሙስሊሞችን የከፋፈለው ትልቁ ጥያቄ "ማን ይምራን?" የሚለው ነበር። ሱኒዎች መሪው ከነቢዩ ነገድ ከቁረይሽ ይሁን አሉ። ሺዓዎች ከነቢዩ ቤተሰብ ይሁን አሉ። ኢባዲዎች ደግሞ ዘሩ አይታይ፣ ዋናው አዋቂነቱና አላህን መፍራቱ ነው አሉ። መሪያቸው ኢማም ይባላል። ዑለማዎችና የነገድ አለቆች ይመርጡታል፤ ፍርድ ካጓደለ ደግሞ ሊያወርዱት ይችላሉ። በተግባር ሥልጣኑ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ቤተሰቦች እጅ መግባቱ አልቀረም፤ ትምህርቱ ግን ይኸው ነው።

ሌላም ነገር ያስተምራሉ። ጠላት ሲበረታ ሃይማኖትን ደብቆ፣ ያለ ኢማም መኖር ይፈቀዳል። ይህን "ኪትማን" ይሉታል፣ መደበቅ ማለት ነው። ከባግዳድ ገዢዎች ሸሽተው በኦማን ተራሮች ውስጥ መቶ ዓመታት የዘለቁት በዚህ ነው። ስለዚህ ራቅ ብሎ መኖር ከጥንትም የሚያውቁት ነገር ነበር።

ባሕር የተሻገረ መንግሥት

ኦማን ሁልጊዜ ዝግ ነበረች ማለት ግን አይደለም። ፖርቱጋሎች በ1507 ሙስካትን ያዙ። በ1624 የተመረጠው ኢማም ናስር ቢን ሙርሺድ የተጣሉትን ነገዶች አስማማና ጦርነቱን ጀመረ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኢማም በ1650 ፖርቱጋሎችን ከሙስካት አስወጣ። ከዚያ ኦማኖች በመርከብ ተከትለዋቸው በ1698 ሞምባሳ ያለውን ምሽግ ወሰዱ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን መቀመጫውን ወደ ዛንዚባር አዛወረ።

የዛንዚባር ሀብት ቅርንፉድ ነበር። ቅርንፉዱን የሚለቅሙት ደግሞ ከአፍሪካ የተያዙ ባሪያዎች ነበሩ። እዚህ ላይ የእኛም ታሪክ ይገባል። የሱልጣኑ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በአባቷ ቤት ውስጥ ሐበሻ ሴቶች እንደነበሩ ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች ኮንትራት ፈርመው፣ ቲኬት ተቆርጦላቸው የሄዱ አይደሉም፤ ተሸጠው ነው። ስለ ራሷም የምትናገረው ነገር አለ። ለሴት ልጅ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድም ነበርና፣ ጽሕፈት የተማረችው በድብቅ፣ በግመል የትከሻ አጥንት ላይ እየጻፈች ነው። ልዕልት ሆና እንኳ!

ሱልጣኑ በ1856 ሲሞት ልጆቹ ተጣሉ። በ1861 እንግሊዞች ገብተው ዛንዚባርንና ሙስካትን ለያዩዋቸው። ሀብቱ በዛንዚባር በኩል ቀረ። ዛንዚባር ለሙስካት በየዓመቱ 40,000 ብር እንድትከፍል ተፈረደ። ይህ ብር አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማርትሬዛ ብር ነው። ያም ሆኖ ሙስካት ደኸየች፣ ዕዳም ተከማቸባት።

ሁለት የተዘጉ በሮች

በ1913 የመሀል አገር ነገዶች "የባሕሩ ሱልጣን የእንግሊዝ ጥገኛ ሆኗል" ብለው የራሳቸውን ኢማም መረጡ። በ1920 በሲብ ስምምነት ሱልጣኑ ባሕሩን ይዞ፣ ኢማሙ ተራራውንና በረሃውን ይዞ ቀረ። አገሪቱም "ሙስካትና ኦማን" ነበር የምትባለው፤ ሁለት አገር እንደማለት ነው።

የኢማሙ አገር መቀመጫው ኒዝዋ ነበረች፤ ክርስቲያን ፈረንጅ እንዲገባ አይፈለግም ነበር። አዲስ አበባ በ1910 የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ታላቁን በረሃ ሩብ አል ኻሊን በግመል አቋርጧል፤ ወደ ጀበል አኽደር መውጣት ግን ተከለከለ። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፈረንጅ አገር አይቶ ከሄደ በኋላ ነዳጅ ፈላጊ እንደሚከተለው ያውቁ ነበር። የሆነውም ይኸው ነው። ነዳጅ ፈላጊዎች ወደ መሀል አገር መግባት ፈለጉ፤ በ1955 መጨረሻ የሱልጣኑ ጦር ኒዝዋን ያዘ። ተራራው ላይ የቀረው አመፅ ደግሞ በእንግሊዝ ወታደርና አውሮፕላን በ1959 ተሰበረ። የኢማሙ በር በጉልበት ተከፈተ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አገሩን ሁሉ የጠቀለለው ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙር ራሱ በሩን መልሶ ዘጋው። ከ1932 ጀምሮ የነገሠ ሰው ነው። ሲነግሥ የወረሰው ዕዳ ስለነበር ገንዘብ ማውጣት ይፈራል። ከዚያ በላይ ደግሞ የተማረ ሰው ይፈራል። የሙስካት ከተማ በር ማታ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው ፋኖስ መያዝ አለበት፣ የእጅ ባትሪ እንኳ አይበቃም። የፀሐይ መነጽር፣ ሬድዮ፣ በአደባባይ ማጨስ አይወደድም ወይም ይከለከላል። በአገሩ ሁሉ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፣ ለወንዶች ብቻ። አስፋልቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ የሚታከምበት ዋናው ሆስፒታል ማትራህ ያለው የአሜሪካ ሚሲዮን ነበር። በ1967 ነዳጅ ተሽጦ ገንዘብ መግባት ከጀመረ በኋላም ብዙ አልተለወጠም።

እሱ ራሱ ግን ሕንድና ባግዳድ ተምሯል፣ ዓለምን ዞሯል። ልጁን ቃቡስን እንግሊዝ አገር የጦር ትምህርት ቤት ልኳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሰላላ ውስጥ ቤት ዘግቶበት በዓይነ ቁራኛ አስቀመጠው። ቤተ መንግሥቱም በባሪያዎች የተሞላ ነበር።

ታዲያ ይህን ያደረገው ሃይማኖቱ ነው? እኔ አይመስለኝም። የኢባዲ ትምህርት ገዢ ሲያጠፋ ይውረድ ነው የሚለው። ሰዒድ በምርጫ አልመጣም፣ ማንም አልጠየቀውም፤ እንዲያውም የተመረጠውን ኢማም በጦር አባሮ ነው አገሩን የያዘው። እውነት ነው፣ የኢማሙም አገር ዝግ ነበር፣ ድሃም ነበር። ግን ኢማሙ በሩን የዘጋው በውጭ ሰው ላይ ነው። ሱልጣኑ የዘጋው በገዛ ሕዝቡ ላይ ነው።

የተዘጋበት ሰው ምን ያደርጋል?

መልሱን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ይሰደዳል። ኦማኖች ወደ ኩዌት፣ ወደ ባሕሬን፣ ወደ ሳዑዲ ለጉልበት ሥራ ሄዱ። ዕቃ ተሸከሙ፣ በረኛ ሆኑ፣ ነዳጅ ማውጫ ላይ ሠሩ። ለመውጣት የሱልጣኑ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ያለ ፈቃድ የወጣ መመለሱ ጭንቅ ነው። ዛሬ "ከፊል" የምንለው ሰው አያቱ በሰው አገር ተላላኪ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ስደተኞች መካከል የዶፋር ልጆች በውጭ ሆነው ስለ አገራቸው መነጋገር ጀመሩ። በ1965 በዶፋር አመፅ ተነሣ፤ በኋላም ሴቶች ሳይቀሩ መሣሪያ ይዘው ተራራ ወጡ። በ1966 ሱልጣኑን የገዛ ወታደሮቹ ሊገድሉት ሞከሩ፤ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በአደባባይ ስላልታየ "ሞቷል" ብሎ የሚያወራ ብዙ ነበር። ሕዝቡን ሊዘጋ የተነሣ ሰው መጨረሻው እሱም ተዘግቶ መኖር ሆነ።

ሐምሌ 23 ቀን 1970 ልጁ ቃቡስ በእንግሊዞች ድጋፍ አባቱን ከሥልጣን አወረደ። አባትየው ለንደን ሄዶ በ1972 ሞተ። በዚያው በ1970 ባርነት ተከለከለ፣ የውጭዎቹ ኦማኖች እንዲመለሱ ተጠሩ፣ ለሴት ልጆችም ትምህርት ቤት ተከፈተ። 1970 ሩቅ አይደለም፤ እናቶቻችን የተወለዱበት ዘመን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ስልክ ሲወሰድብን፣ በር ሲቆለፍብን የሚሰጠን ምክንያት "ለራስሽ ብዬ ነው፣ ውጭው ክፉ ነው" የሚል ነው። ሱልጣኑም ለሕዝቡ የሚለው ከዚህ አይርቅም ነበር። በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ የተቆለፈ በር ማንንም አልጠበቀም፤ ትምህርት አስቀረ፣ ሕመምተኛ ገደለ፣ ወጣት አሰደደ። ይህን የኖሩት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው። "ባህላቸው ነው፣ ሃይማኖታቸው ነው" ብለን ቶሎ አንለፍ። አንድ ሰው የሚያደርገው ክፋት የሃይማኖቱ ነው ብለን ካሰብን፣ ያንን ሃይማኖት የያዘ ሌላ ሰው ሊረዳን እንደሚችል እንረሳለን። ኢባዲዎች እምነት ያለ ሥራ አይሞላም ብለው ያስተምራሉ። እምነታቸውን ያወቀች እህት ከማዳምዋ ጋር ስትነጋገር በዚህ በኩል መግባት ትችላለች፤ የደመወዝ ነገር ሲነሣም ጭምር።

ኦማን ያላችሁ እህቶች፣ በቤቱ አሮጊት ካሉ ስለ ፋኖሱ ዘመን ጠይቋቸው። የሰማችሁትንም ለመጽሔታችን ጻፉልን።