የወፍ ድርሻ በልደታ ደጅ

በቤቱ ደጅ ለወፍ ጥሬ የሚበትን፥ በሸክላም ውኃ የሚያኖር ሰው ሲታይ አንዳንዱ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ይስቃል። ታሪክን መርምሮ ላየው ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ ልደታ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የልደታም ታሪክ ከመጀመሪያው ወፍ ያለበት ታሪክ ነው።

በነገረ ማርያም እንደሚተረከው ኢያቄምና ሐና ልጅ በማጣት ያዝኑ ነበር። ሐናም ርግቦች ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ባየች ጊዜ፥ ለወፍ እንኳ ያልተነፈገው ለእርስዋ ስለ ተነፈገ አምርራ አለቀሰች። ከዚያም በኋላ ነጭ ወፍ ከሰማይ ስትወርድ በሕልም ታየች፤ የሕልሙም ፍቺ የእመቤታችን መፀነስ ሆነ። ወላጆችዋ ከሰው ጥላቻ ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ በሄዱ ጊዜ እመቤታችን በዚያ ተወለደች፤ በተራራውም ጥራጥሬ ቀቅለው በሉ ይባላል። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ከቤት ወጥቶ፥ በዛፍ ሥር ወይም በደጅ ተቀምጦ፥ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፥ ዳቦም ይበላል። በሣር ላይ የተበላ ማዕድ ሁሉ ፍርፋሪው መሬት ይወድቃልና፥ ሰው ሲነሣ ድንቢጥና ርግብ ይወርዳሉ። ማንም ሳይጠራቸው የበዓሉ ታዳሚዎች ይሆናሉ።

ወፍ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ተለይታ አታውቅም። ነቢዩ ኤልያስ በረኃብ ዘመን በፈፋ ዳር ተሸሽጎ ሳለ ምግቡን ያመላለሱለት ቁራዎች ናቸው። ቅዱስ ያሬድም ግእዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ከመድረሱ በፊት ሦስት ወፎች ከገነት ተልከውለት እንደ መጡ ስንክሳሩ ይተርካል። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ደግሞ አንበሶችና ነብሮች ጻድቁን ከብበው፥ ወፍም ከዐይኑ እንባ ስትጠጣ ትታያለች። ኤልያስን ወፍ መገበው፤ ጻድቁ ግን ወፍን አጠጣ። ይህን ሥዕል ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ያደገ ምእመን ለተጠማች ወፍ ውኃ ማኖርን ከባዕድ አገር አልተማረውም።

ሆኖም ወፍ ለገበሬ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለችም። እህል ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ግሪሳ የሚባለውም ወፍ በመንጋ የወረደበት የማሽላ ማሳ ባዶውን ይቀራል። ነገር ግን ያው ገበሬ አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ቃርሚያውን ለድኻ ይተዋል፥ ከድኻ እጅ የቀረውንም ወፍ ትለቅመዋለች። በዚህ ሥርዓት ወፍ በማሳ ላይ ሌባ፥ በዐውድማ ዳር ግን እንግዳ ናት። ጥበቡም ጊዜንና ስፍራን መለየት ነው።

ከሩቅ አገርም ይህን የሚመስል ልማድ አለ። በኖርዌይና በስዊድን የጌታ ልደት በሚከበርበት በብርዱ ወራት የአጃ ነዶ በእንጨት ላይ አስረው ለወፎች ያቆማሉ። በእንግሊዝም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 እና በ1891 መካከል በነበረው ጽኑ ክረምት ጋዜጦች ሕዝቡ ለወፎች ምግብ እንዲያወጣ ለምነዋል። እነርሱ የጌታን ልደት በነዶ፥ ኢትዮጵያውያን የእመቤታችንን ልደት በንፍሮ ያከብራሉ፤ ወፍም ከሁለቱ ማዕድ ትቀምሳለች።

የአዲስ አበባ ወፎች ግን ብዙ ለውጥ አልፎባቸዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እጅግ ጠቀመ፤ ፍሬው ግን ደረቅ ነውና ፍሬ የምትበላን ወፍ አይመግብም። ወይራና ጽድ፥ ሾላም የቀሩት ከሁሉ ይልቅ በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። ወፍም የበላችበትን አትረሳም፤ የወይራውንና የጽዱን ፍሬ በልታ ዘሩን በሌላ ስፍራ በመጣልዋ ደኑን መልሳ ትተክላለች። በልደታ ሜዳ ደግሞ የብረት ወፍ ነበረ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ የጀመረው ከዚያ ነው። አውሮፕላኑ በኋላ ወደ ቦሌ ተዛወረ፥ ድንቢጥ ግን ሰፈሯን አልለቀቀችም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ብዙዎቹ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ፎቆች ሲሠሩ ከአጥሩና ከጓሮው ጋር የወፍ ድርሻም ተነሣ። ንፍሮ በሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ተጠርጎ ይጣላል እንጂ ለወፍ አይቆይም።

«ሰው እየተራበ ለወፍ መስጠት ምን ይባላል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ቅን ነው። መልሱም በማዕዱ ሥርዓት አለ፤ አስቀድሞ ነዳያን ይጠግባሉ፥ ለወፍ የሚደርሳት የወደቀው ነው። የወደቀውን እንኳ የሚሰስት እጅ ለነዳያን ይዘረጋል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው።

ደግሞም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በበጋ ወራት ከሁለት ጣት የማይጠልቅ ውኃ በሰፊ ሸክላ ማኖር ከእህል ይልቅ ይረዳል። ሸክላው ድመት ከሚያደፍጥበት ቁጥቋጦ መራቅ፥ በየቀኑም መታጠብ አለበት፤ የአንዲት ወፍ ደዌ በውኃው ለሌሎቹ ይተላለፋልና። ጥቂት ስንዴ ወይም ማሽላ ይበቃል፤ ጨው የገባበት ንፍሮና የሻገተ እንጀራ ግን አይሰጥም። ስፍራ ያለው ቆርች ይትከል፤ አበባውን የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች ይወዱታል። እንዲህ ያደረገ ሰው በመስቀል ሰሞን ብቻ የሚታዩ የሚመስሉት ቀይና ቢጫ ወፎች ከአገር እንደማይጠፉ ያውቃል፤ ተባዕቶቹ የበዓል ልብሳቸውን አውልቀው እንደ እንስቶቹ ዳማ መስለው ከደጁ ይለቅማሉ።

ፎቅ ላይ የሚኖረው በበረንዳው፥ ደጅ ያለው በደጁ፥ ሁሉን ያጣውም ከሌሎች ጋር በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ሐና ርግቦችን አይታ ባለቀሰች ጊዜ ጸሎትዋ ተሰማ፤ በዚያች ልደት ስም የሚጠራ ሰፈር ርግብ የማይታይበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።