አባባ ተስፋዬ፤ ከመድረክ ቀልድ እስከ ልጆች አባትነት



ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳዋጣ ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ስለ ምን ልጻፍ?» ብላቸው፣ «ስለ ወደድከው፤ ብቻ አባላቱ ሁሉ የሚያውቁት ይሁን» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። በዚህ ሠፈር ውስጥ ባለጸጋውም ድሃውም፣ ሽበት ያወጣውም ጎልማሳውም እኩል የሚያውቀው ሰው ማን ነው? «የዛሬ አበቦች፣ የነገ ፍሬዎች» ብዬ ብጀምር፣ ከመካከላችሁ ስሙን ለመጥራት የሚቸገር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ስለ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የሥራ ዘመን የማውቀውን ላጫውታችሁ። በዚያውም ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ።

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት ሰኔ 20 ቀን 1915 ዓ.ም. በባሌ ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ዕድሜያቸው ገና 13 ዓመት አልሞላም ነበር። ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የምናገኛቸው በማዘጋጃ ቤት የትያትር ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ የመድረክ ሰው ማለት ዛሬ እንደምናውቀው ተዋናይ ብቻ አልነበረም። በአንድ ምሽት ዘፈኑም፣ ቀልዱም፣ ውዝዋዜውም፣ ድራማውም ይቀርባል፤ ሰውየው ሁሉንም መቻል አለበት። ተስፋዬ ደግሞ ይጫወታሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የምትሐት ትርዒት ያሳያሉ፣ ድምፅ ይለዋውጣሉ። ሕዝብ የሚያስቅ ሰው ነበሩ ማለት ይበቃል።

በዚያ ዘመን አንድ ችግር ነበር። መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት አልነበረችም። ልጅቱን ለትያትር የሚሰጥ ቤተሰብ ከየት ይምጣ? ታዲያ በድርሰቱ ውስጥ እናት ወይም ሙሽራ ካለች፣ ቀሚስ ለብሶ፣ መቀነት ታጥቆ፣ ነጠላ ተከናንቦ የሚወጣው ወንድ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ሴት ሆነው በመጫወት ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣው አንዱ ናቸው። ኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ወደ መድረክ ሲመጡ ይህ ነገር ቀረ። እስከዚያ ድረስ ግን ቀሚስ ለብሶ መውጣት የቱን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት። የመድረክ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል «አዝማሪ» ይባል ነበር። አዝማሪነት የተከበረ የአባቶች ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ግን እንደ ስድብ ነበር የሚወረወረው።

ይህንን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በቤታችን ደርሷል። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከትያትር ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ነበር። ድምፁ መልካም ነበር፤ ሰው መስሎ መናገር ይችል ነበር ይባላል። አያቴ ይህንን የሰሙ ዕለት፣ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም፤ ወይ እሱን ተው ወይ እኔን አባቴ አትበለኝ» አሉት። አጎቴም ተወው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወረቀት ሲገለብጥ ኖረ። ቀልደኛነቱ በቡና ሰዓት ብቻ ብቅ ይል ነበር።

ወደ አባባ ተስፋዬ ልመለስ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ዘመተ። ከ6000 በላይ ወታደሮቻችን በየተራ ባሕር ተሻግረው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ተስፋዬም ወታደሮቹን ሊያጫውቱ ኮሪያ ድረስ ሄደዋል። ወታደር ምን ያህል ምግብና ጥይት ቢኖረው፣ በባዕድ አገር በረዶ ላይ በአማርኛ የሚያስቀው ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው የዘመተ ያውቀዋል። አዝማሪ ተብሎ የሚናቀው ሰው ለካ ለጦር ሜዳም ያስፈልጋል!

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፣ ኋላ ብሔራዊ ትያትር የተባለው፣ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያዎች ወደዚያ ሲዛወሩ ተስፋዬም አብረው ገቡ፤ በልዩ ልዩ ትያትሮች ላይም ተጫወቱ። እስከዚህ ድረስ የታሪካቸው መንገድ የብዙ ጓደኞቻቸው መንገድ ነው። የተለየው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። ጣቢያው በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ተስፋዬ ሣህሉም የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ሆኑ። የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። እንዲህ እንደ ዋዛ የተጀመረው ሥራ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ፣ 42 ዓመት ያህል ዘለቀ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ራዲዮ እንኳ በየቤቱ አልገባም ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጎረቤቱ በአጥር ይሰማል። ቴሌቪዥን ግን በአጥር አይታይም። በእኛ መንደር አንድ ቤት ብቻ ነበር ያለው። እግራችንን ታጥበን፣ አሥር ሳንቲማችንን ሰጥተን፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነበር የምናየው። አሥር ሳንቲም ያጣ በመስኮት ያያል። እግሩን ያልታጠበ ግን በመስኮትም አይፈቀድለትም ነበር!

አባባ ተስፋዬ ሲመጡ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ይህች ዝምታ ናት ጥበቡ። መልሳችንን የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ እኛም እንመልሳለን፤ እሳቸውም እንደሰሙን ያህል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። እኔ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በእርግጥ እንደሚሰሙኝ አምን ነበር። አንድ ቀን ሳልመልስ ቀርቼ «ዛሬ ተቀይመውኛል» ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ።

ከሰላምታው በኋላ ተረት ይመጣል። ጅቡ በጅብ ድምፅ፣ ጦጣዋ በጦጣ ድምፅ፣ አሮጊቷ በአሮጊት ድምፅ ይናገራሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሮጊቷ ያን ያህል አሮጊት የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ለዓመታት ቀሚስ ለብሰው የሴት ድምፅ ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። የተሳቀበት ሥራቸው፣ የተናቁበት ልምዳቸው፣ እዚህ ላይ ለልጆች ጥቅም ዋለ። የምትሐቱም ነገር እንዲሁ። በመድረክ ላይ ተምረው ያመጡት አንድም ነገር አልባከነም። የልጆች ተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልግባ። አባባ ተስፋዬ ያን ያህል የተወደዱት ቀልድ ስለቻሉ ብቻ አይደለም። ቀልደኛማ ሞልቶ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ የመጤ ከተማ ናት። አባቶቻችን ከመንዝ፣ ከጉራጌ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከትግሬ፣ ከሐረር ሥራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። እዚህ ሲመጡ አባትና እናታቸውን አገር ቤት ትተው ነው። ስለዚህ በከተማው የተወለደው ልጅ አያት የለውም። ማታ ምድጃ ዳር አቅፎ ተረት የሚነግረው ሰው የለም። አባት ከሥራ ደክሞ ይመጣል፤ እናት ከጉልት ወይም ከእንጀራ ጋገራ ዕረፍት የላትም። ያንን ክፍት ቦታ ነው ተስፋዬ ሣህሉ የሞሉት።

እድርስ ቢሆን ከዚሁ የተለየ ነው? በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በከተማችን የተስፋፋው እኮ ዘመድ የራቀው ሰው ቢሞት የሚቀብረው እንዳይጠፋ ነው። አገር ቤት ቢሆን ወንድም ይቀብራል፣ የአጎት ልጅ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። እዚህ ግን ጎረቤት ወንድም መሆን ነበረበት። እድር ዘመድ ለራቀው ዘመድ ሆነ፤ አባባ ተስፋዬ ደግሞ አያት ለራቀው ልጅ አያት ሆኑ። ለዚህ ነው «አቶ ተስፋዬ» ወይም «ጋሽ ተስፋዬ» ብቻ ሳይባሉ የቀሩት። «አባባ» የሚለውን ስም የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ልጅ ነው።

የመንግሥት ነገር ከተነሣ፣ በዚያ መሣሪያ ላይ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ሄደ! በንጉሡ ዘመን ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ፤ ዜናው ተለወጠ፣ መፈክሩ ተለወጠ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በኢሠፓ ምሥረታ ሰሞን፣ ጥቁርና ነጩ ምስል ባለ ቀለም ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወደቀ፤ ኢሕአዴግ ገባ። ዜና አንባቢው፣ ሚኒስትሩ፣ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ሲቀያየር፣ ያ ሰላምታና ያ ተረት ግን ቦታቸውን ሳይለቁ ሦስት መንግሥት አለፉ። በክፉው ዘመን፣ ወላጅ በሐዘን በተቀመጠበት ቤት ውስጥ እንኳ፣ ልጅ የሚስቅበት አንድ ሰዓት ነበረ። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ያን ጊዜ አልነበረም ማለት ነው።

አባቴ በ1972 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ገዛ። እኔ ያኔ ጎርምሻለሁ፤ ታናናሾቼ ግን ከዚያ መሣሪያ ፊት አይነሡም ነበር። አያቴም አርጅተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ የልጆች ሰዓት ደረሰ። አባባ ተስፋዬ «እንደምን ናችሁ?» ሲሉ፣ ከልጆቹ ቀድመው «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው የመለሱት አያቴ ናቸው። አጎቴ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባባ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ያኔ ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ የነበሩት ናቸው» አላቸው። አያቴ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። «ዝም በል፣ ተረቱን ልስማበት» አሉ። ሁላችን ሳቅን። አጎቴም ሳቀና ወደ ጓሮ ወጣ። ብዙ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

አባባ ተስፋዬ በስተርጅናቸው ክብር አግኝተዋል። ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት አበርክቶላቸዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ያለቀሰላቸው ሰው የሚበዛው አንድም ቀን በአካል አግኝቷቸው የማያውቅ ነው። በዚያ ሰሞን በየለቅሶ ቤቱና በየቡናው የሚወራው የእሳቸው ነገር ነበር። ሽማግሌው «ያሳደጉኝ ናቸው» ይላል፤ ልጁም እንዲሁ ይላል። ሁለት ትውልድ በአንድ ሰው ያደገ ማለት ይህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አጎቴ ያረፈው ከእሳቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ የቀበረውም ይኸው እድራችን ነው። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ተነቦ ነበር። በዚህ ቀን ተወለደ፣ እዚህ ተማረ፣ በመሥሪያ ቤቱ በቅንነት አገለገለ፣ ይህን ያህል ልጆች አፈራ ይላል። ስለ ትያትሩ አንድ ቃል አልነበረበትም። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ምን ይባላል? ሰው ምን ይለናል?» ብዬ ሰረዝኩት። አያቴ በሕይወቱ የከለከሉትን እኔ በሞቱ ደገምኩት። አባባ ተስፋዬ ሲያርፉ በቴሌቪዥን ታሪካቸው ሲተረክ፣ ቀሚስ ለብሰው የተጫወቱትን እንደ ክብር አድርገው ሲያወሩት ሰምቼ፣ እኔ ግን የአጎቴን ነገር ማን ይናገርለታል ብዬ አዘንኩ። እነሆ ዛሬ ተናገርኩለት።

ውድ አባላት፤ እድራችን ድንኳንና ወንበር፣ ሳህንና ብርጭቆ አሟልቶ ይዟል፤ ለዚህም የደከሙትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በለቅሶ ላይ የምናነበው የሕይወት ታሪክ የአባላችን ሙሉ ታሪክ እንዲሆን እለምናለሁ። በመካከላችን ያዜመች፣ መድረክ ላይ የተጫወተ፣ በሠርግ ቤት ሰው ሲያስቅ የኖረ፣ ለጎረቤት ልጆች ተረት ስትነግር ያረጀች እናት አሉ። ይህንን ስንቀብራቸው ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ እንጻፈውም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ሪፖርቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለልጆቻችን ተተውቶ አንድ አዛውንት ተረት ቢነግሯቸው ምን ይጎድልብናል?

ለአባባ ተስፋዬም ለአጎቴም ነፍስ ይማር። እኛንም በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።