ክሬዲት ሲበላሽ ቤት እንዴት እንከራያለን?

በአሜሪካ አፓርታማ ለመከራየት ሲያመለክቱ አከራዩ ብዙውን ጊዜ የክሬዲት ታሪክዎን ይመለከታል። የተለመደው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው። ነጥብዎ ዝቅ ካለ የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. ሪፖርትዎን አስቀድመው ይመልከቱ። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን በየሳምንቱ በነጻ ይሰጣሉ። ስህተት ካገኙ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማጣራቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ይጠናቀቃል። ያልተከፈለ ዕዳ ባብዛኛው ከ7 ዓመት በኋላ ከሪፖርቱ ይወጣል።

2. የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለአከራዩ እውነቱን ይንገሩ። የደመወዝ ማስረጃ፣ ኪራይ በወቅቱ የከፈሉባቸውን ደረሰኞችና የቀድሞ አከራይዎን ደብዳቤ ያቅርቡ።

3. በሪፖርቱ ምክንያት ከተከለከሉ አከራዩ እንዲያሳውቅዎ ሕግ ያስገድደዋል። ሪፖርቱን ያወጣው ድርጅት በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቁት ነጻ ቅጂ ይሰጥዎታል።

4. በሌላ ሰው ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይከራዩ። ይህ ውሸት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

5. ኮሳይነር ሲፈልጉ ይጠንቀቁ። እርስዎ ካልከፈሉ ዕዳው በፈረመው ወንድም ላይ ይወድቃል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስትና አጥብቆ ያስጠነቅቃል (6፥1-5፤ 22፥26-27)። ስለዚህ አልፈርምም ያለዎትን ወንድም ፍቅር የለውም አይበሉ።

ብዙ ወገኖች በዕዳ ኀፍረት ከኅብረት ይርቃሉ። እርስዎ ግን አይራቁ፤ ለሚያምኑት አገልጋይ ይንገሩ፣ አብረው ይጸልዩ፣ የወር በጀትዎንም አብረው ይሥሩ።

ጌታ ይርዳዎት።