ከደጅ ጥናት ወደ ስልክ፦ ከመተማ ስናየው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ! «የቆላው ሰው የመንግሥትን አገልግሎት በኦንላይን ለመጠቀም ለምን ያመነታል?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ስላልተማረ»። የታሪክ መምህር ነኝና እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

መጀመሪያ መዝገብን እንይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ አካባቢ ሼኮች ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዙት ግብፆችም ግብር ይከፍሉ ነበር። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ ላይ ወደቁ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ጋላባት ወደ ሱዳን፣ መተማ ወደ እኛ ሆነ፤ ገበያተኛውም ኬላ ለመደ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ደግሞ ወጣቱን የሚመለምሉት ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ ነበሩ። እንግዲህ ለአያቶቻችን «ተመዝገብ» ማለት ወይ «ክፈል» ወይ «ዝመት» ማለት ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሰው አሻራ ስጥ ሲባል ቢያመነታ ይገርማል እንዴ?

ሁለተኛው መስመሩ ነው። አፄ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ ሽቦው በዋናነት ቤተ መንግሥቱን ከገዥዎች ጋር ለማገናኘት ነበር። በ1990ዎቹ የመጣው ወረዳ ኔትም ያው ነው፤ ባለሥልጣንን ከባለሥልጣን አገናኘ። ትእዛዝ በሽቦ ይወርዳል፣ አቤቱታ ግን በእግር ይወጣል። ባለጉዳይ ራሱ ሄዶ ደጅ ይጠናል። ጽሕፈት የማያውቀው በር ላይ ከተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ጎንበስ ብሎ ጉዳዩን ያስጽፋል።

ፓስፖርት በኦንላይን ማመልከት ሲመጣ ሰው ወዴት ሄደ? ወደ ኢንተርኔት ቤት! ራፖር ጸሐፊው ኮምፒውተር ገዛ በሉት። ይሄ ኋላቀርነት አይደለም። ኬንያ ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኤም-ፔሳን ሕዝቡ እንዲለምደው ያደረገው ሰው የሚያውቀው የሰፈር ባለሱቅ ወኪል መሆኑ ነው። አዲስ ነገር በሚታወቅ ፊት በኩል ሲመጣ ይለመዳል። አደጋው ሌላ ነው፤ ፎርም የሚሞላው ልጅ የራሱን ስልክ ቁጥር ካስገባና የይለፍ ቃሉን እሱ ከያዘ፣ ጉዳዩ ያንተ፣ ቁልፉ የሱ ይሆናል።

ሦስተኛው መታመን ነው። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ቴሌብር ያለ ዳታ በ*127# ስለሚሠራ የተወሰነ ነገር አተረፈልን። ዳታ የሚፈልገው ሁሉ ግን ቆመ። የቢሮ ደጅ ቢዘጋ ሰው «ነገ ይከፈታል» ብሎ ያድራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ማንን ደጅ ይጠናል?

ታዲያ ይቅር ማለቴ ነው? በፍጹም። በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። የቀበሌ መታወቂያ ላይኖረው ይችላል፤ መታወቂያ ከሌለው ደግሞ ባንክ ሒሳብ የለውም። የወራት ድካሙን በኪሱ ይዞ ያንን መንገድ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢያችን ሰው አይነገረውም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ ግን ሰነድ የሌለውንም ሰው በምስክር ይመዘግባል። ምስክርና ዋስ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳኝነታችን የቆመበት ነው። ለዚህ ሠራተኛ ያ ቁጥር ድካሙን ይዞ ቤቱ መግቢያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ሕዝቡን እናስተምር» ከማለት በፊት መዝገቡ ራሱ ይመስክር። የሚመዘግበው ሰው እርሻው ድረስ ይውረድ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ይሁን፣ መስመሩም አይቆረጥ። እስከ ዛሬ «ምን አለህ?» ሲል የኖረ መዝገብ አንድ ጊዜ «ምን ላድርግልህ?» ቢል፣ የመተማ ሰው ለመመዝገብ ቀስቃሽ አይፈልግም።

ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ ቋራ ያላችሁ፦ እናንተ ጋ ሰው መጀመሪያ የለመደው የቱን አገልግሎት ነው? በማን በኩል? ጻፉልኝ።